ከቅፍለቱ ጭራ የሄደው አለቃ

አንድ የቅፍለት አለቃ ነበረ። ቅፍለት ማለት ብዙ ነጋዴዎች አጋሰሶቻቸውን ጭነው በአንድነት ረጅም መንገድ የሚሄዱበት ጉዞ ነው። መኪና ባልነበረበት ዘመን ጨውም ማሩም ጥጡም ከአገር ወደ አገር የሚደርሰው እንዲህ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት ግን ጥያቄውን ላስቀድም፤ ጥያቄው ካልታወቀ መልሱ ይበላሻል። የእህቴ ልጅ ፈንታነሽ ዘንድሮ የወረዳው ምክር ቤት አባል ሆና ተመረጠች። ከመጀመሪያው ስብሰባ ስትመለስ ቤቷ እንኳን ሳትገባ እኔ ዘንድ መጣችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ግማሹ የፌዴራሉ መንግሥት ነው የበላዩ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ክልላችን ነው ይላል። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ግን ለየትኛው ወገን እንደጮህኩ እኔም አላወቅሁትም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ማነው የበላዩ?»

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሕገ መንግሥቱን ግን መነጽሬን አድርጌ፣ አንዳንዱን አንቀጽ እየመላለስኩ አንብቤዋለሁ። እንዲያም ሆኖ እንዳላሳስታት ፈራሁ። የምክር ቤት ሰው ናት፤ እኔ ያሳሳትኳትን እሷ እጇን አውጥታ ታጸድቀዋለች። ስለዚህ በደንብ በማውቀው ነገር ልመልስላት ብዬ ይህን ነገርኳት።

አለቃው ራሱ የጨው ነጋዴ ነበረ። አብረውት አንድ የማር ነጋዴና አንድ የጥጥ ነጋዴ ነበሩ። ሁሉም የየራሳቸው አጋሰሶችና ጫኞች ነበሯቸው፤ ቅፍለቱን የሚጠብቁ ዘቦችም ከአለቃው ጋር ይሄዳሉ። ከነሱ ጋር ደግሞ ሁሉም ተስማምተው የመረጧቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር የላቸውም፤ ጦርም አልያዙም። ያለቻቸው አንዲት አህያ ናት፤ እሷም ከስንቃቸው ሌላ የምትሸከመው አልነበራትም።

ከመነሳታቸው በፊት ነጋዴውም ጫኙም ዘቡም አንድ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ቃል ገቡ። ቃላቸው ይህ ነበር፦ መንገዱን የሚመርጥ፣ የምንነሳበትንና የምናድርበትን የሚወስን፣ ዘብ የሚያቆም፣ ሽፍታ ቢመጣ የሚያዋጋ፣ ኬላ ላይ በሁላችን ስም ስለ ቀረጥ የሚነጋገር አለቃው ነው። ወንዝም መቼና የት እንደምንሻገር የሚያዘው እሱ ነው። ጭነቱን ማሰር፣ ከብቱን መቀለብ፣ ጫኞቹን ማዘዝ፣ ገበያ ሲደረስ ዋጋ መቁረጥ ግን የየባለቤቱ ነው። ለአለቃው ተለይቶ ያልተሰጠ ነገር ሁሉ ለባለቤቱ ይቀራል። የታመመ ሰው መንገድ ላይ አይጣልም፤ ጫኝም አይገረፍም፤ ይህን አለቃውም ባለጭነቱም አይሽረውም። ቃሉን መለወጥ ቢያስፈልግ ሁላችንም ተሰብስበን እንመክርበታለን እንጂ አንድ ሰው በመንገድ ላይ አይለውጠውም።

በመጨረሻም፣ ይህን ቃል ያፈረሰ ሰው ማንም ቢሆን እስከ ማደሪያ ድረስ ከቅፍለቱ ጭራ ይሂድ አሉ። ማን እንዳፈረሰም ሽማግሌው ይናገሩ ተባለ።

ከጭራ መሄድ ቀላል ቅጣት እንዳይመስልሽ። ያ ሁሉ ከብት በኮቴው ያስነሳው አቧራ የሚያርፈው የመጨረሻው ሰው ላይ ነው። ማታ እናቱም አታውቀውም።

መጀመሪያ ጉዞው አማረላቸው። ኬላ ላይ አለቃው በሁሉም ስም ተከራክሮ ቀረጡን ሲያስቀንስ የማር ነጋዴው፣ «እኔ ብቻዬን ብመጣ ኖሮ ስልቻውንም ያስቀሩብኝ ነበር» ብሎ አመሰገነው። አለቃው በዚህ ደስ አለው። ምናልባት ትንሽ የበዛ ደስታ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጠዋት፣ ትልቁ ወንዝ ጋ ሊደርሱ ግማሽ ቀን ሲቀራቸው፣ ከላይ ተራራው ላይ ሰማዩ ጠቆረ። አለቃው ተጨነቀ። ጨው ውሃ ከነካው አለቀለት፤ ከብቱ ከወዲያኛው ዳር የሚወጣው ባዶውን ነው። ስለዚህ እሱ ወንዝ በቀረበ ቁጥር አሞሌውን ከከብቱ ጀርባ ላይ ከፍ አድርጎ ያስራል። የዚያን ቀን የራሱን አስሮ ሲጨርስ ወደ ሌሎቹ ዞረና፣ «የሁሉም ጭነት ከፍ ተደርጎ ይታሰር!» ብሎ አዘዘ።

የማር ነጋዴው ሳቀ። «አለቃዬ፣ ማር እኮ ጨው አይደለም። ስልቻው ውስጥ ይዋልላል። ከፍ ካደረግሁት ዳገት ላይ ይገለበጣል። እኔ የማስረው ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጌ ነው።»

«ከፊታችን ወንዝ አለ እያልኩህ!»

«ወንዙ ያንተ ነው፤ ስልቻው የኔ ነው።»

«ላንተው ብዬ እኮ ነው፣ አንተ ደረቅ!» አለና አለቃው በገዛ እጁ መጫኛውን ፈትቶ የማሩን ስልቻ ሁሉ ከፍ አድርጎ አሰረ። የማር ነጋዴው አጠገቡ ቆሞ፣ «ተው! ተው!» ከማለት በቀር እጁን አላነሳም፤ ምክንያቱም ዘቦቹ ያሉት ከአለቃው ጋር ነው።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የመጀመሪያዋ በቅሎ አንድ ድንጋይ ስትዘል ስልቻው ተንከባሎ በአንገቷ በኩል ሄደና ከፊቷ በነበረው የጥጥ ጭነት ላይ ፈረጠ። ሁለተኛውም ተከተለ። ጥጡ ማሩን እንደ ስፖንጅ መጠጠው። ከዚያ ንቦቹ መጡ። የዚያ ሸለቆ ንብ ሁሉ ግብዣ የተጠራ ይመስል ነበር። በቅሎዎቹ ተራገጡ፣ አህዮቹ ወደ ቁጥቋጦው ፈረጠጡ፣ ጫኞቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተኙ። አለቃውን አንዲት ንብ አፍንጫው ላይ ነደፈችው፤ ወዲያው እንደ ድንች አበጠ።

ንቡ ጋብ ሲል የጥጥ ነጋዴው ጥጡን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው። ጣቱ አልላቀቅ አለ።

«እኔ ይህን ለሸማኔ ልሸጠው ነበር» አለ። «አሁን ምን ላድርገው? ጠጅ ልጣለው?»

ጫኞቹ ሳቁ። የማር ነጋዴው ግን አልሳቀም። «ከዛሬ ጀምሮ አለቃ የለኝም» አለ። «ከብቶቼን ሰብስቤ በፈለግሁበት መንገድ፣ በፈለግሁበት መሻገሪያ እሄዳለሁ።» የጥጥ ነጋዴውም፣ «እኔም እንደሱ!» አለ።

ይህ የቁጣ ቃል ብቻ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያለው ገደል ሽፍታ የሚያደባበት ነው። ተሰባስቦ ያለፈ ያልፋል፤ ተነጣጥሎ የገባ ግን ጭነቱንም ነፍሱንም ይዞ መውጣቱን እንጃ። ቅፍለቱ እዚያ ቁልቁለት ላይ ቢፈርስ ሁሉም ያለቁ ነበር፤ ይህንንም ሁሉም ያውቁታል። ግን የተናደደ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አያስታውስም።

ሽማግሌው አህያቸውን አቁመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቃውን ጠሩት።

«ልጄ፣ ዋርካው ሥር ጭነት ማሰር ለማን ተሰጠ?»

«ለባለቤቱ። ግን አባቴ፣ እኔ እኮ ክፉ አላሰብኩም።»

«ክፉ አስበሃል አልወጣኝም። ጭነት ማሰር የማን ነው አልኩህ እንጂ።»

አለቃው ያበጠ አፍንጫውን ዳሰሰ። «የባለቤቱ ነው።»

«እንግዲያው ወደ ጭራው ሂድ።»

ሽማግሌው ዱላ እንኳን የላቸውም፤ የተቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው። አለቃው ግን ጦር የያዙ ዘቦች አሉት። አለቃው ወደ ዘቦቹ አየ። ዘቦቹ ደግሞ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። እኔ ይህን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ፣ መጨረሻውን እያወቅሁትም ቢሆን፣ ልቤ ይመታል።

አለቃው ከበቅሎው ወረደ። ሻሹን ፈትቶ አፉና አፍንጫው ላይ ጠመጠመ። ከዚያ በሰልፉ ጎን፣ በእያንዳንዱ ጫኝ ፊት እያለፈ፣ ወደ ጭራው ሄዶ ቆመ።

የማር ነጋዴው ደረቱን ነፋ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። «አንተም ስማ» አሉት። «ጭነቱ ያንተ ነው ብዬ ፈረድኩልህ እንጂ መንገዱ ያንተ ነው አልወጣኝም። ከቅፍለቱ ተለይተህ አንድ እርምጃ ብትሄድ አንተም ጭራ ነህ። እዚያ ከአለቃው ጋር እየተጨዋወታችሁ ትሄዳላችሁ።»

ጫኞቹ እንደገና ሳቁ፤ አሁን የማር ነጋዴውም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ማሩን እንደሚያውቀው ዝቅ አድርጎ አሰረ። የጥጥ ነጋዴውም የተረፈውን ጥጥ ከማሩ አርቆ ጫነ። ቅፍለቱ ተነሳ፤ የማር ነጋዴውም ከፊት ሆኖ ቃጭል ያሰረችውን በቅሎ ይጎትት ጀመር።

ፊተኞቹ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ኋለኞቹ ገና ቁልቁለቱ ላይ ነበሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ከጉልበት አያልፍም። የማር ነጋዴው በቅሎዋን ወደ ውሃው አስገባ። በዚህ ጊዜ ከላይ፣ ከአቧራው ውስጥ፣ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ።

«አትግቡ! ተመለሱ!»

አለቃው ነበር። ከሁሉም ኋላ በመሆኑ ከሁሉም ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ስለዚህ ታች ያሉት የማያዩትን፣ ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ የሚመጣውን ቀይ ውሃ አየው። ጫኞቹ ቃሉን ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ ወደ ፊት አደረሱት።

የጥጥ ነጋዴው ከት ብሎ ሳቀ። «ይህ ሰው ጭራ ሆኖም ያዛል እንዴ? አፍንጫው አላስተማረውም? ዝም ብለህ ግባ!»

የማር ነጋዴው ውሃውን አየ። ምንም የለበትም። የበቅሎዋ የፊት እግሮች ውሃ ውስጥ ናቸው። ጠዋት የተደረገበትንም አልረሳም፤ እጁ ላይ ገና ማር አለ። አሁን ቢገባ ማን ይፈርድበታል?

ቆመ።

«ወንዝ የማን ነው?» ብሎ ራሱን ጠየቀና ራሱ መለሰ። «ወንዝ የሱ ነው። ጭራም ላይ ቢሆን የሱ ነው።» በቅሎዋን ወደ ኋላ ጎተታት።

የመጨረሻዋ ኮቴ ከአሸዋው እንደወጣች ደራሽ ውሃው ደረሰ። ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቆመው በነበሩበት ቦታ ላይ አለፈ። የጥጥ ነጋዴው ማንም ሳያዝዘው ወደ ጭራው ሄዶ ከአለቃው አጠገብ ቆመ። «እኔ ብቻ አቧራ ሳልበላ ልቅር?» አለ።

እዚያው ወንዙ ዳር አደሩ። አለቃው ማደሪያው ሲደርስ ከፀጉሩ እስከ ጫማው አመድ መስሎ ነበር። የማር ነጋዴው ውሃ አስታጠበውና በዋንጫ ማር ሰጠው። «አቧራው እንዴት ነበር?» አለው። «ማርህ ይሻላል» አለ አለቃው። ጠዋት ውሃው ሲጎድል አለቃው ባሳያቸው መሻገሪያ ተሻገሩ፤ ጨው ከፍ ብሎ፣ ማር ዝቅ ብሎ፣ ሁሉም እንደየእውቀቱ ታስሮ። ገደሉንም አንድ ላይ አለፉት።

ይህን ነግሬ ስጨርስ ወደ ፈንታነሽ ዞርኩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አለቃው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። አገር መጠበቁ፣ ከውጭ አገር ጋር መነጋገሩ፣ የሁላችን የሆነው መንገድና ገንዘብ የሱ ነው። ባለጭነቶቹ ክልሎቹ ናቸው፤ የአካባቢያቸውን ጭነት ማሰር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አይገረፍም የተባለው ጫኝ አንቺም እኔም ነን፤ መብታችንን ሁለቱም አይነኩትም። የዋርካው ሥር ቃል ሕገ መንግሥቱ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ቃሉን የሚተረጉሙት ናቸው፤ በእኛ አገር ይህ ሥራ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ማነው የበላዩ ብለሽኛል። ጠዋት ላይ አለቃውን ወደ ጭራ የላከው ማን ነበር? ከሰዓት በኋላስ የማር ነጋዴውን ከውሃ ያስመለሰው? ሁለቱንም ጊዜ ያው ቃል ነው።»

ፈንታነሽ ግን እኔ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አለቃው ግን አልሄድም ቢልስ ኖሮ?»

«እኔን የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ግን ዘቦቹ ለምን መሬት መሬቱን ያዩ ይመስልሻል? እነሱም ዋርካው ሥር ነበሩ። ቃሉን ሁሉም ሰምቶታል። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ማፍረስ ይከብዳል፤ ማንም የማያውቀውን ግን ማንም ያፈርሰዋል። ስለዚህ ነገ ስብሰባ ላይ ከመጮህሽ በፊት፣ ይህ ነገር በቃሉ የማን ነው ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ጩኺ።»

ሳቀችና ለመሄድ ተነሳች። በሩ ላይ ግን መለስ አለች።

«እኔስ ብሳሳት?»

«ነጠላሽን አፍሽ ላይ ጠምጥመሽ ወደ ጭራው ነዋ» አልኳት። «ግን እዚያም ሆነሽ ወንዙን እያየሽ።»