ሻምፒዮን የሮጠበት ጫማ

አንድ ምትኩ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሐኪሙ «ስኳርህ እየጨመረ ነው፤ ወይ ሩጥ ወይ መርፌ ትጀምራለህ» አለው። ምትኩ መርፌ ገና ሲያይ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነውና ሩጫውን መረጠ። በማግስቱ ሰልባጅ ተራ ሄደና ታጥቦ የነጣ የውጭ አገር የሩጫ ጫማ አነሳ። ነጋዴው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሻምፒዮን የሮጠበት ነው!» አለው። ምትኩ ልኩ መሆኑን ብቻ አየና ገዛው።

በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። ያኔ መካሪ በዛ። ሜዳ ላይ አብሮት የሚሮጠው አንዱ «ሶሉ ስስ ሆኖብህ ነው፣ ወፍራም አስደርብበት» አለው። ሌላው «ኧረ እኔ የዳንኩት በስሱ ነው!» ብሎ ማለ። ጡረተኛው ጎረቤቱ በጣትህ እርገጥ አሉት፤ ባለቤቱ ደግሞ ማታ ማታ እግሩን በሞቀ ውሃና ጨው ትዘፈዝፍለት ነበር። ምትኩ ማንንም ማስቀየም አይወድምና ሁሉንም ሞከረ። አንድ ቀን በጣቱ፣ አንድ ቀን በተረከዙ ሲረግጥ አረማመዱ ራሱ ጠፋበት። የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ እንኳ በየትኛው እግሩ እንደሚጀምር ያመነታ ነበር። ሕመሙ ግን ባሰበት። ሩጫውን ካቆመ ደግሞ መርፌው አለ።

ግራ እንደገባው፣ ሶል ሊያስደርብ የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ሮጠው አያውቁም፤ የምትኩን የቢሮ ጫማ ግን ስድስት ዓመት ጠግነዋል። የሩጫውን ጫማ ተቀብለው ገለበጡት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው እንጂ፣ አባባ!»

«አይደለም። ያንተ ተረከዝ የሚበላው በውጭ በኩል ነው፤ ስንቴ ለጥፌልሃለሁ! ይሄ ያለቀው በውስጥ በኩል ነው።»

«ሻምፒዮን የሮጠበት ነው እኮ» አለ ምትኩ ድምፁ እየሰለለ።

«ይሆናል። ታዲያ እግሩንም አብረው ሸጡልህ?»

ምትኩ ሶሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። በውስጥ በኩል ተበልቶ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ለአንድ ወር ያህል በማያውቀው ሰው እርምጃ ሲሮጥ ከርሟል። አፈረ።

«እና ወፍራም ይሻለኛል ስስ?»

«መጀመሪያ ጉልበትህን አሳርፈው። ከዚያ ርካሽም ቢሆን ማንም ያልረገጠው ግዛ። የቀረውን እግርህ ይነግርሃል።»

መካሪዎቹ አልዋሹትም፤ እያንዳንዱ የነገረው እሱ የዳነበትን ነው። ነጋዴውም እውነቱን ይሆናል። ነገር ግን አንዱን ለድል ያበቃ ነገር ሌላውን ሊያሽመደምደው ይችላል። እኛ ግን ስሙን ሰምተን እናጠልቀዋለን፤ ሲያመን የምንወቅሰው የገዛ ጉልበታችንን ነው።

እርስዎስ ዛሬ የሚሮጡበትን ነገር ገልብጠው አይተውታል? ከእርስዎ በፊት ማን ረግጦታል?