የእመት ዝንጀሮ በርጩማ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ያላላችሁም ጆሮ ካላችሁ ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ በገደል አፋፍ የሚኖሩ ዝንጀሮዎች እመት ዝንጀሮ የሚሏት አሮጊት ነበረቻቸው። በድርቅ ጊዜ የማይነጥፈውን ምንጭ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ አከበሯት፤ በርጩማ አበጁላት። ብድግ ልትል ስትል «በሞታችን አይነሡ» እያሉ ያስቀምጧታል። ውኃው ይመጣላታል፣ ፍሬው ይመጣላታል፣ ቅማሏ እንኳ እዚያው ይለቀምላታል። ከዘራዋ ጥግ እንደቆመ ሸረሪት አደራበት።

በርጩማው ደስ አለው። መቀመጫዋ ለእሱ ተለክቶ የተሠራ መሆኑን ጠዋት ማታ ይነግራታል።

መጀመሪያ ቁርሷን መብላቷን ረሳችና ደግማ በላች። ቀጥሎ የልጆቿ ስም ጠፋባት። በኋላማ ጅራቷ ከጎኗ ሲወዛወዝ አየችና እንግዳ መሰላት፤ «ኖር!» ብላ ተነሣችለት። ጅራቷም አብሮ ተነሣ። «ምን ዓይነት ጨዋ ነው፣ ካልተቀመጥኩ አይቀመጥም» ብላ አደነቀች።

ከዚያ ድርቅ መጣ። ኩሬው ደረቀ፤ ጨቅላዎቹ በውኃ ጥም አለቀሱ። ምንጩ ወዴት እንደሆነ ቢጠይቋት ራሷን አከከች፣ ግንባሯን አሸች፤ ምንም የለም። የጨቅላዎቹ ልቅሶ አንጀቷን በላው።

«ረጋ ብለው ይቀመጡ፤ ሐሳብ የሚመጣው ቁጭ ላለ ነው» አላት በርጩማው።

ቁጭ አለች። እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ከዘራው ከነሸረሪቱ ሳቀና ቀሰቀሳት። «አንቺ ሴት፣ ያንን መንገድ መቼ በአፍሽ አወቅሽው? በእግርሽ እንጂ። ነይ ያዢኝ።»

ልጆቿ «በሞታችን አይነሡ» አሉ።

«ካልተነሣሁ ነው የምትሞቱት» አለች።

ወገቧ እየተንቋቋ ከዘራውን ይዛ ተነሣች፤ ዝንጀሮዎቹም ተከተሏት። ጥቂት እንደሄደች ጅራቷን ዞር ብላ አይታ «ለካ የኔው ነህ» አለችው። መንገድ ዳር ካለው የሾላ ዛፍ ዘንድ ስትደርስ የልጆቿ ስም ተራ በተራ መጣላት። ቁልቁለቱን ስትጨርስ እግሯ ሳታዘው ወደ ግራ ታጠፈ፤ ከአንድ የተሰነጠቀ ቋጥኝ ሥር ውኃው ይንፎለፎላል።

ጠጥተው ሲመለሱ በርጩማው «ደክሞዎታል» አላት፤ እውነቱን ነበርና አረፍ አለች። በማግስቱ ግን ልጆቿ ውኃ ሊያመጡላት ሲነሡ፣ ከዘራዋን ይዛ ከፊታቸው ወጣች።

«መጀመሪያ መቀመጫዬን» የምትለው ዝንጀሮ ስታረጅ «መጀመሪያ ከዘራዬን» ማለት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። መቀመጫዋ ግን በመቀመጥ ብዛት እንደተላጠ ቀረ።

እግር የተቀመጠ እንደሆነ ራስም ይቀመጣል። ተረቴ አለቀ፤ ዳቦዬን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፣ በእግሬ መጥቼ እወስዳለሁ።