ጡሩምባ ነፊውና የተወተፈው በር

አንድ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበረ። ተቀመጪ ፋናዬ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «አባባ፣ ድሮ አረጋውያን ሲሞቱ በምን እንደሞቱ ይታወቅ ነበር፤ ዘንድሮ ምክንያቱ ያልታወቀው ለምን በዛ?» ነው ያልሽኝ። በአረጋውያን መጦሪያችሁ የሞት መዝገቡን የምትጽፈውን አዲስ ነርስ ልታባርሩ ነገ ስብሰባ እንዳላችሁም ነግረሽኛል። ሽማግሌን ስለ ሽማግሌ ሞት መጠየቅ ድፍረት ነው። ይሁን፣ ደፍረሻል። አሁን ዝም ብለሽ ስሚኝ።

ይህ ጡሩምባ ነፊ የሚኖርባት ከተማ ብርዳም ናት። በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በማለዳ ይወጣና በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል። የሟቹን ስም ይጠራል፣ በምን እንደሞተ ይናገራል፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይለፍፋል። በዚያ አገር የሞት ምክንያት ማለት ጡሩምባ ነፊው የተናገረው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ ጎልማሳ ሲሞት ሰውየው ቤት ገብቶ ያጣራል። ወድቆ ነው? ታሞ ነው? በወሊድ ነው? ሳያረጋግጥ አይወጣም። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲሞቱ ግን ደጃፋቸው ላይ እንኳ አይቆምም። ፀጉራቸው ሸብቷል? በቃ። «እገሌ በእርጅና አርፈዋል» ይልና ያልፋል። ሕዝቡም «እድሜ ጠግበው ነው» ብሎ ይቀብራል፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። የሚደነግጥ ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው ራሱም አረጀና ሞተ። በቦታው አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ተተካ። ግትር ነው፤ ያላየውን አየሁ በል ቢሉት ቢሞት አይልም። የመጀመሪያ ሥራው የቀዳሚውን ሞት መለፈፍ ሆነ። ቤቱ ገብቶ ጠየቀ።

«ማታ ራቱን በልቶ፣ እየሳቀ ነው የተኛው። ጠዋት ሞቶ አገኘነው» አሉት።

«ታዲያ በምን ሞተ ልበል?»

«በእርጅና በላ! ሌላ ምን ትላለህ?»

«እርጅናው ትናንትም ነበረበት፤ ትናንት ግን አልሞተም» አለና ወጣ። ጡሩምባውን ነፋ። «እገሌ አርፈዋል! ምክንያቱ አልታወቀም!» ብሎ ለፈፈ።

ከተማው ክው አለ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ባልቴት ሞቱ። አልታወቀም። ቀጥሎ አንድ ጡረተኛ መምህር። እሳቸውም አልታወቀም። ክረምቱ እየበረታ ሲሄድ ጡሩምባው በተሰማ ቁጥር ሰው አልጋው ላይ እንዳለ ትንፋሹን ይውጥ ጀመር። በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም ወሬው አንድ ሆነ፦ «በድሮው ጡሩምባ ነፊ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተ አንድ ሽማግሌ እንኳ አልነበረም። ዘንድሮ በምን እንደሆነ ሳይታወቅ እያለቁ ነው። ምን ገባብን?»

ሰው «ምን ገባብን?» ማለት ከጀመረ «ማን ገባብን?» ለማለት ብዙ አይቆይም።

በዚያው ዓመት አንዲት አስታማሚ ከሌላ አገር መጥታ ነበር። የደከሙ አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። ከሞቱት የአብዛኞቹ ቤት ገብታለች፤ መቼም አስታማሚ ጎረምሳ ቤት አትጠራም። ደግሞ አንድ አመል ነበራት። የትም ቤት ስትገባ መጀመሪያ መስኮት ትከፍታለች። ለምን ሲሏት «ያፍነኛል» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት የላትም። በዚያ አገር ደግሞ ንፋስ ከመርዝ ይልቅ ይፈራል። እሷ ገና ከመውጣቷ የአረጋውያኑ ልጆች እየተራገሙ መስኮቱን ይዘጋሉ። እናታቸው እንዳይበርዳቸው የከሰል ምድጃ ያስገባሉ፣ የበሩን ስር በጨርቅ ይወትፋሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ወደው፣ ሳስተው ነው። ይህን ልብ በይልኝ።

«ንፋስ እያስገባች የምትጨርሳቸው እሷ ናት» ተባለ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ነጠላዋን ቀደዱባት። በማግስቱ ቤቷን በድንጋይ ደበደቡት። በመጨረሻ እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ በዝናብ ሊፈርድባት ተሰበሰበ። ከድንኳኑ ውጭ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ቆመዋል። የእድሩ ዳኛ «ጥፋተኛ ናት» ካለ ከዚያች ከተማ በሕይወት እንደማትወጣ እሷም ታውቃለች፣ ዳኛውም ያውቃል።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ጡሩምባ ነፊውን ወደ ጥግ ሳበውና «ስማኝ ወንድሜ፣ አንድ ቃል ነው የምለምንህ» አለው። «ተነስና ተሳስቼ ነው፣ ሁሉም የሞቱት በእርጅና ነው በላቸው። ሰዉ ይረጋጋል። ሴትዮዋም ትተርፋለች።»

አስታማሚዋ ሰምታለች። መጥታ እጁን ጨበጠችው። «ጋሼ፣ በሞቴ! በእርጅና በላቸው። የማሳድገው ልጅ አለኝ።»

ፋናዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? እኔ ብሆን፣ አልዋሽሽም፣ እል ነበር።

ጡሩምባ ነፊው ተነሳ። ዳኛውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ደጅ የቆሙትን ዱላዎች አየ። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ዘንድሮ ስለሞቱት አይደለም። እኔ ጡሩምባ ሳልይዝ፣ እሷም እዚህ አገር ሳትመጣ፣ ዘመዶቻችሁ በእርጅና ሞቱ የተባለላችሁ አላችሁ። አሟሟታቸው እንዴት ነበር?»

«ነገር አታስረዝም!» ብለው ጮኹበት። እሱ ግን አልተቀመጠም። በመጨረሻ አንድ ገበሬ ከኋላ ተነሳ። «አባቴ ማታ ደህና ነበር» አለ። «ጠዋት ሞቶ አገኘነው።»

አንዲት ሴት ተነሳች። «እናቴም እንደዚያው ናት። ብርድ ስለነበር ከሰል አቀጣጥለን፣ በሩን ወትፈን፣ ሞቋት ነው የተኛችው። ሲነጋ የለችም።»

ጩኸቱ ቀነሰ። ሌላዋ ባለችበት ሆና «እኛም ቤት ከሰል ነበር» አለች። «እናቴ ያንለት ማታ ራሴን ይፈልጠኛል ስትል ነበር እንጂ ሌላ ምንም አላመማትም።»

ዳኛው ድንገት ቀና አለ። «ምን አለች አልሽ?»

«ራሴን ይፈልጠኛል።»

ዳኛው ወደ ስብሰባው ሲመጣ አሮጊት እናቱ ይህንኑ ብለውት ነበር፤ «ልጄ፣ ራሴን ይፈልጠኛል» ብለውት ነበር። እሱም «ብርዱ ነው፣ አሁን ይሞቅሻል» ብሎ ከሰሉን ጨምሮላቸው፣ መስኮቱን ጠርቅሞ፣ የበሩን ስር በገዛ ጋቢው ወትፎላቸው ነበር የመጣው።

ከዘራውን ጣለና ሮጠ። ጭቃ ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ሮጠ። ሕዝቡም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተከተለው፤ ዱላ የያዙትም፣ ሊፈረድባት የነበረችውም። ዳኛው በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። እናቱ ተኝተዋል። ጠራቸው፤ አይሰሙም። መስኮቱን በርግዳ የከፈተችው አስታማሚዋ ናት። እሷ በእግራቸው እሱ በራሳቸው በኩል ተሸክመው ዝናብ ላይ አወጧቸው።

ያ ሁሉ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ አንዲት አሮጊት እስኪተነፍሱ ጠበቀ። ዳኛው እንደ ሕፃን እያለቀሰ እግራቸውን ያሻል። ሴትዮዋ ደረታቸውን ታሻለች። ቆይተው፣ በጣም ቆይተው፣ አስመለሳቸው። ዓይናቸውን ገለጡና ሰዉን ሁሉ አዩት። «ምነው በዝናብ ታወጡኛላችሁ? ልትገድሉኝ ነው?» አሉ።

ያኔ ጡሩምባው ተሰማ። ቤታቸው የቀሩት ሁሉ ማን ሞተ ብለው ወጡ። ሰውየው በዚያ ዝናብ መንደር ለመንደር እየሮጠ እንዲህ ይላል፦ «የዳኛው እናት አልሞቱም! ምክንያቱ ታውቋል! የከሰል ጢስ ነው! ከሰሉን አውጡ! በሩን ክፈቱ!» ያ ጡሩምባ ያልሞተ ሰው ስም ሲጠራበት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ታወቀ እንዳልልሽ። በዚያው ክረምት ከሰል በሌለበት ቤት የሞቱ አረጋውያን ነበሩ። ጡሩምባ ነፊው ገብቶ ጠየቀ፣ አላወቀም፣ «አልታወቀም» አለ። ሕዝቡ ግን ያን ቃል ሲሰማ ዱላ ማንሳቱን ተወ። ቤት ገብቶ መጠየቅ ለመደ።

እንግዲህ ፋናዬ፣ ያ ጡሩምባ የእናንተ የሞት መዝገብ ነው። ድሮ «ያልታወቀ» የሚል ያልነበረበት ሁሉም ስለታወቀ እንዳይመስልሽ፤ ገብቶ የጠየቀ ስለሌለ ነው። ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ጋር ስታስተያዩ የሞቱትን ያወዳደራችሁ መስሏችኋል። ያወዳደራችሁት የሁለት ለፋፊዎችን አፍ ነው። ያቺ ነርስ ምን አጠፋች? እንደ ወታደሩ የማታውቀውን አላውቅም አለች።

ደግሞ «የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው» ብለሽ እፎይ እንዳትይ። ከቃሉ በስተኋላ ሰው የሞተበት ክፍል አለ። ነርሷን ጠርተሽ «እርጅና ብለሽ ጻፊና ትረፊ» ልትያት እንዳሰብሽም ፊትሽ ላይ አይቻለሁ። አትሽማቀቂ፤ ዳኛውም ያሰበው በደግነት ነበር። ያ ሰውዬ እሺ ቢለው ኖሮ ዳኛው ስብሰባውን በሰላም ዘግቶ፣ ቤቱ ሲገባ እናቱን ሞተው ያገኛቸው ነበር። በማግስቱም በእርጅና አርፈዋል ይባልላቸው ነበር።

ስለዚህ ነገ ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ ድሮ በእርጅና ሞቱ የተባሉት እንዴት ነበር የሞቱት? ከዚያ ተነሺና አረጋውያኑ የሚያድሩበትን ክፍል በዓይንሽ እዪ። አሁን ሂጂ፣ ሊመሽ ነው። እኔም ተራዬ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ፀጉሬን አይተሽ እንዳታልፊኝ፣ ልጄ። ገብተሽ ጠይቂልኝ።