ውሃ የምትፈራዋ በቅሎ

የደጋና የቆላ ነጋዴ የሚገናኝባት፣ ከመስጊዷ ሚናራ ግርጌ የከብት ገበያ የሚቆምባት አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ የበቅሎ ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፎ ጉልበታቸው ቢደክምም በንግድ ላይ ያላቸው ተቅዋ፣ አላህን መፍራታቸው፣ አልደከመም። ገበያተኛው "የሐጂ በቅሎ ናት" ከተባለ ጥርሷን ሳያይ ይገዛ ነበር።

ገበያውን የሚያካሂድላቸው ተቀጣሪ ኑርዬ ይባላል። ባለትዳር፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ሐጂ ከጀናዛ ቀብር ሲመለሱ ኑርዬ ደጃፉ ላይ በደስታ እየተቁነጠነጠ ጠበቃቸው።

"ሐጂ፣ የምሥራች! ዳማዋን በቅሎ ሸጥኳት! ሰው ተሻማባት እኮ! ከወንዝ ማዶ የመጣ አሕመዲን የሚባል ሰው ነው የወሰዳት። ለልጁ ሙሽራ ሊወስድ መጥቶ፣ ሙሽራይቱን በእሷ ላይ አስቀምጦ አሁን ከከተማ ወጡ።"

የሐጂ ፊት ተለዋወጠ። ዳማዋ በቅሎ ሰጋር ናት፣ መልኳም ዓይን ይይዛል። ነገር ግን ውርንጭላ ሳለች ደራሽ ውሃ ወስዷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ ወራጅ ውሃ እግሯን ከነካት እንደ እብድ ያደርጋታል፤ የተሸከመችውን ሁሉ ትጥላለች። ይህን ኑርዬም አሳምሮ ያውቃል።

"ውሃ እንደምትፈራ ነግረኸዋል?" አሉ ሐጂ።

"አልጠየቀኝም። ጥርሷን አየ፣ ሰኮናዋን አነሳ፣ ጋልቦ ሞከራት፣ ወደዳት። እኔም ወላሂ አንድ ቃል አልዋሸሁም።"

"ቤቱ ወንዝ ማዶ ነው አላልከኝም?"

 ኑርዬን እስከዚያች ደቂቃ ወንዙ ትዝ ብሎት አያውቅም። የሽያጩ ሞቅታ አሳውሮት ነበር።

"ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ!" አሉ ሐጂ። "በቅሎዎቹን ጫን! ልጅቷ ውሃው ውስጥ ሳትገባ እንድረስ!"

"ሐጂ፣ እርስዎ ይቅሩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ልሂድ።"

"በኔ ደጅ፣ በኔ ስም ሸጠሃል። ሰውየው ያመነው እኔን ነው። ጫን ብዬሃለሁ!"

ቢስሚላህ ብለው እርካብ ረገጡ። እንዴት ያለ ግልቢያ ነበር! ያ ተደግፎ ከመስጊድ የሚወጣ ሽማግሌ ጥምጣሙ እየተፈታ፣ ጺሙን ነፋስ እየከፈለው፣ በድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ከፊት ሆኖ ይጋልባል። ኑርዬ ከኋላ እየተከተለ "ያ ረብ፣ ያ ረብ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። በየመንገዱ ያገኙትን ሰው "ሰርገኛ አልፏል?" ይላሉ፤ "አሁን አለፉ" ይሏቸዋል። አቧራው እንኳ ገና አልበረደም።

የመጨረሻውን ጉብታ ሲወጡ ወንዙ ከታች ብልጭ አለ። ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ቀልጧል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ከፊት፣ በነጭ ተሸፍና፣ ሙሽራዋ ረውዳ ዳማዋ ላይ ተቀምጣለች። ከመሻገሪያው አፋፍ ደርሰዋል።

ኑርዬ ከበቅሎው ዘሎ ወርዶ በአቋራጩ ቁልቁል ተወረወረ። እሾህ ጋቢውን ነጠቀው፤ ዞሮም አላየው። "አቁሙ! ስለ አላህ ብላችሁ አቁሙ!" እያለ ይጮሃል፤ ድምፁን ግን ድቤው ዋጠው። የዳማዋ ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፏል። አንድ እግሯ ውሃውን ነካ። በዚህ ጊዜ ኑርዬ ደርሶ ልጓሙን ጨምድዶ ያዘ፤ በቅሎዋ በኋላ እግሮቿ ቆመች፤ ሙሽራዋም ተንሸራታ አሸዋው ላይ፣ በእህቶቿ እጅ ላይ ወደቀች።

"ሽፍታ ነው! ያዙት!" አሉ ሰርገኞቹ። አንድ ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ከመውረዱ በፊት ሐጂ ደረሱ።

አሕመዲን በቁጣ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። "ሽማግሌው፣ ምን ማለት ነው ይሄ? የተሻለ ዋጋ የሰጠ ሰው መጣ?"

"ዋጋስ አልመጣም፣ ወንድሜ። ዐይቧን፣ ጉድለቷን፣ ሳንነግርህ ሸጠንልህ ነው የመጣነው። ይህች በቅሎ ወራጅ ውሃ አትገባም።"

"ይህ ሰውዎ ስላስደነገጣት ነው እንጂ..."

"እንግዲያው ባዶዋን ሳባት።"

ሁለት ጎልማሶች ገመድ አስረው ወደ ውሃው ሳቧት። አላህ ያሳያችሁ! ዳማዋ ተወራጨች፣ ዘለለች፣ የኮርቻውን መቀነት በጠሰች፤ ኮርቻው ተሽቀንጥሮ ወንዙ መሐል ገባ፣ ወንዙም እያገላበጠ ወሰደው።  ረውዳ የሄደውን ኮርቻ በዓይኗ ተከትላ፣ ቀስ ብላ ወደ ሐጂ ቀርባ ጉልበታቸውን ሳመች።

ሐጂም ለአሕመዲን እንዲህ አሉት፦ "ምርጫው ያንተ ነው። ብትመልሳት ገንዘብህን ሳላጎድል እሰጥሃለሁ። ካልመለስካት የዐይቧን ያህል ከዋጋው ይቀነስልሃል። እኔ አንዱንም አልመርጥልህም።"

አሕመዲን ጥቂት አሰበ። "በድልድይስ ታልፋለች?"

"ታልፋለች። የምትፈራው ውሃ መርገጥ ነው።"

"እንግዲያው እኔው ጋ ትቅር። ላይኛው ድልድይ ሩቅ ቢሆንም አንድ ሰው ይዟት ይዞራል። የሚገርመው ግን..." ብሎ ወደ ኑርዬ ዞረ፤ "በገበያው ነግረኸኝ ቢሆንም እገዛት ነበር፤ ሰርጉንም በድልድይ እወስደው ነበር።"

ይህ ቃል ኑርዬን ከዱላው ይልቅ አመመው። እውነቱ ሽያጩን አያስቀርበትም ነበር!

ሐጂ ከራሳቸው በቅሎ ወርደው ሙሽራዋን በክብር አስቀመጧት። መንዙማው እንደገና ተነሳ፤ ረውዳም ማዶ በሰላም ተሻገረች። ከዋጋው የተቀነሰውን ሐጂ ከገዛ ከረጢታቸው ከፈሉ።

በመመለሻው ኑርዬ የቀረችውን በቅሎ ለሐጂ ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። በመጨረሻ ጨንቆት "ሐጂ፣ ከሥራ ያሰናብቱኛል? ወይስ ከደመወዜ ይቆርጣሉ?" አለ።

"ደመወዝህ የላብህ ነው፤ የንግዴ ኪሳራ የኔ ነው። ነገ ገበያ ትወጣለህ። አንድ ነገር ግን ያዝልኝ፤ ዝምታም ሚዛን ያጎድላል።"

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሚዛን ማጉደል ሲባል እኛ የምናስበው ሚዛኑን በእጁ የሚጫነውን ባለሱቅ ነው። ሐጂ ጀውሃር ግን የሚያውቀውን ዐይብ የሚውጠውንም ከእሱ ጋር ቆጠሩት። የፊቅህ ሊቃውንት ለገዢ ያጸኑትን የመመለስ መብት ኺያሩል ዐይብ ይሉታል፤ የሀገር ሕግም ለተደበቀ ጉድለት ሻጭን ይጠይቃል። እኛ ደግሞ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን የተገላገልን ይመስለናል። ያ ሽማግሌ በሕግ የሚያስገድደው ዳኛ፣ የሚከሰው ገዢ ፊቱ ሳይቆም፣ ገዢው ገና ሳያውቅ ጋለበ። የሐላል ሲሳይ ደስታው እዚህ ላይ ነው፤ ሸጠህ ስታበቃ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ አውቀህ ልብህ ሲረጋ። አላህ ከእንዲህ ያሉት ነጋዴዎች ያድርገን።