ሁለተኛዋ ታንኳ

አንድ ቀዛፊ ነበረ። ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ሐይቅ ዳር አድጎ፣ ሰው ከወዲህ ወደ ማዶ ሲያሻግር የሚውል ሰው ነው።

ጥያቄህን ረስቼ እንዳይመስልህ። «አባ፣ የምናሠለጥናቸው የጤና ሠራተኞች፣ ያውም ጎበዝ ጎበዞቹ፣ ቀድመው ጥለውን ይሄዳሉ። ይህ ትውልድ ምን ነክቶት ነው?» አልከኝ። አንተ የወረዳው ጤና ኃላፊ ሆነህ እኔን ሽማግሌውን መጠየቅህም ይገርማል። ይሁን። እኔም ዛሬ ደክሞኛልና እንዳታቋርጠኝ። ቁጭ በልና ስማ።

የዚያ ሐይቅ ታንኳ የሚሠራው ውሃ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ የዋለች ታንኳ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ካልዋለች ትከብዳለች። አትቀደድም፣ አትሰበርም፣ ዝም ብላ ትከብዳለች። ይህን ስለሚያውቅ የቀዛፊው አባት ሲሞት ሁለት ታንኳ አወረሰው። አንዷ ስትሠራ ሌላዋ ከሾላው ግንድ ላይ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። በማግስቱ ይለዋወጣሉ። አባትየው ሲሠራ የኖረው እንደዚህ ነው፤ ልጁም እንደዚሁ ያዘ።

ማዶ ገበያ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ እጇ የተባረከ አንዲት አዋላጅም አለች። ሐይቁን በእግር ልዙር ያለ ሰው ቀኑ በመንገድ ያልቅበታል። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ የሚኖረው በዚህ በአንድ ሰው ክንድ ነበር። እሱም ሥራውን ይወዳል። ምጥ የያዛት ሴት ሲያሻግር ሞገዱን በሰያፍ እየቆረጠ፣ «አይዞሽ እቴ፣ ደረስን እኮ» እያለ፣ ሳያንገጫግጭ ያደርሳታል። ከእሱ ታንኳ ላይ ወድቆ ውሃ የነካው ሰው አልነበረም።

የመንደሩን ነገር የሚያየው አንድ ባለጸጋ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በልልኝ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ቀን በዳር ሲያልፍ ከሾላው ላይ የተደገፈችውን ታንኳ አየ።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው የተገተረችው?» አለ።

«እየደረቀች ነው ጌታዬ።»

«ውሃ ላይ እንድትሄድ የተሠራች ነገር ደርቃ ምን ልትሆን ነው?»

አብረውት የነበሩት ሳቁ። ቀዛፊውም ሳቀ፤ በሰው ፊት ባለጸጋን ማስረዳት ከበደው። ባለጸጋውም፣ «በል እሷን ከኋላ አስረህ እግረ መንገድህን እህሌን ወፍጮ አድርስልኝ» አለው። እግረ መንገድ ነው፤ ምን ይላል? አደረሰለት።

ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተ። ካህናቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ ፈለጉ፤ እግረ መንገድህን አሉት። ባለ ከብቱ አሞሌ ጨው ፈለገ፤ እግረ መንገድህን አለው። ከሩቅ አገር እንግዶች መጡና የሐይቁን ጥልቀት እየለካህ ንገረን አሉት። ለካላቸው። ሌሎች እንግዶች መጡ። ለፊተኞቹ ለክቼላቸዋለሁ ቢላቸው፣ «ያ የእነሱ ነው፣ ለእኛ እንደገና ለካ» አሉት። ይኸውልህ፣ እየሳቅህ ነው። ታውቃቸዋለህ ማለት ነው።

ሁሉም ታዲያ አመስጋኝ ነው። ከታንኳው ሲወርድ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «በርታ!» ይለዋል። ባለጸጋው በርታ፣ ካህኑ በርታ፣ እንግዳው በርታ። በርታ ያላለው ሰው አልነበረም፤ ና መቅዘፊያውን ልያዝልህ ያለው ሰው ግን የለም።

ሚስቱ አንድ ምሽት እጁን በቅቤ እያሸችለት፣ «አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አይሆንም ብትል ምናለ?» አለችው።

«ማንን ልበል? የሚያዘኝ ሁሉ እኮ እየመረቀኝ ነው» አላት።

እሷ ግን አልተወችውም። እየጨቀጨቀች ባለጸጋው ዘንድ ላከችው። እሱም ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ አንድ የሚያግዘኝ ሰው ስጡኝ። ይህ ካልሆነ ሁለተኛዋን ታንኳ ተዉልኝ፣ ትድረቅልኝ» አለ።

ባለጸጋው ከልቡ አሰበ። «እንዳንተ የሚቀዝፍ ከየት ይመጣል?» አለው። «አንተ እያለህልን ምን ጎድሎብን? በርታ እንጂ!» ደግሞ እንዲያው አልሰደደውም፤ አቀዛዘፍ የሚያስተምር አዋቂ ከሩቅ አስመጣለት። አዋቂው ቀዛፊውን ደረቅ መሬት ላይ አስቀምጦ የመቅዘፊያ አያያዝ ሲያስተምረው ዋለ። ያን ቀን የሚሻገረው ሕዝብ ዳር ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለና ቀዛፊውን ሰደበ።

ያ ሁሉ ሲሆን ታንኳዎቹ ይጠጣሉ። ቀዛፊው በክንዱ ያውቀዋል። ትናንት በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ዛሬ እያለከለከ ይደርስበታል። ለማን ይናገር? ሰው የሚያየው ታንኳዋ መሄዷን ነው፤ እንዴት እንደምትሄድ ማንም አያይም።

አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የባለጸጋውን ልጅ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው፤ ጭንቋም በረታ። በቃሬዛ ተሸክመው ዳር አደረሷት። ቀዛፊው ጎንበስ ብሎ አንደኛዋን ታንኳ በመዳፉ ጫን አደረጋት። በጣቶቹ መካከል ውሃ ወጣ። ወደ ሁለተኛዋ ሄደ፤ ጫን አደረጋት። ያው ነው። ቀና አለና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «አይሆንም» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ባለጸጋው።

«አይችሉም ጌታዬ። ሁለቱም ጠግበዋል። ልጅቷን ተሸክማችሁ በእግር ዙሩ፤ ቢዘገይም ይሻላል።»

«እስከ ትናንት ድንጋይ ስትጭን አልከበደህም፣ ዛሬ ልጄ ከበደችህ?»

ሕዝቡም፣ «ምስጋናው አጠገበው፣ ኮራብን» አለ። ያ ሲመርቀው የኖረ ሁሉ! መቅዘፊያውን ከእጁ ነጥቀው ለአንድ ጡንቸኛ ጎረምሳ ሰጡት፤ ልጅቷን አሳፈሯት፤ ገፏት። ቀዛፊው ነጠላውን እየጣለ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ ዓይኑን ከታንኳዋ ላይ አልነቀለም። እሷም አልተገለበጠች፣ አልተንገዳገደች። ከዳር ብዙም ሳትርቅ ውሃው ከጠርዟ እኩል ሆነና፣ ዝም ብላ ወረደች።

ዘሎ ገባ። ልጅቷን በጠጉሯም በልብሷም ይዞ አወጣት። ጎረምሳውም እየተንቦጫረቀ ወጣ። ልጅቷ ተረፈች። ሕፃኑ እዚያው እርጥብ አሸዋ ላይ ተወለደ፤ ድምፁ ሳይሰማ ቀረ። ቀዛፊው ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ጥፋቱ የራሱ መስሎት ነው ያለቀሰው፤ ምስኪን!

በማግስቱ ታንኳዋን በገመድ ጎትተው አወጧት። ባለጸጋው ተንበርክኮ በእጁ ዳበሳት፤ ከአፍ እስከ ጅራቷ ፈተሻት።

«የታል ቀዳዳው?» አለ።

«ቀዳዳ የላትም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ሆና ሰጠመች?»

«ምንም አልሆነች። ፀሐይ አጥታ ነው።»

ባለጸጋው እውነት ለመናገር አዝኗል፣ አፍሯልም። ሐዘኑ ሲወጣ መንደሩን ሰበሰበ። ልጄን ከውሃ ያወጣልኝ ሰው ይህ ነው ብሎ ቀዛፊውን በሕዝብ ፊት አቆመው፤ ካባ አለበሰው፤ ከፊተኞቹ የምትበልጥ አዲስ ታንኳም ሰጠው። ልብ በል፣ በሁለቱ ፈንታ አንዲት። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጭብጨባው ሲበርድ ባለጸጋው ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ «እንግዲህ ይቺ ሰፊ ናት፤ ነገ እግረ መንገድህን እህሌን…» አለው።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ወደ ዳር ሲወርድ አዲሲቱ ታንኳ ከሾላው ግንድ ላይ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ካባው ተጣጥፎ ከሥሯ ተቀምጧል። ቀዛፊውና ሚስቱ የሉም። ሐይቁን በእግራቸው ዞረው ሄደዋል። ባለጸጋው መጥቶ አየና፣ «ምን አጎደልንበት? ይህ ትውልድ ምን ነክቶት ነው?» አለ።

ይኸው ነው። ተፈጸመ። አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

ዛሬ ለምን እንደመጣህ ስትገባ ነግረኸኛል። ለጤና ኬላችን ልጅ፣ ለየሺመቤት፣ የምስጋና ምስክር ወረቀት ልትሰጣት ነው፤ በፍሬም አሠርተኸዋል። ጥሩ። ካባው ያምራል። ግን ጓደኛዋ ከሄደች ቆየች፣ ምትኳም አልመጣችም። የሁለቱን ሥራ እሷ ብቻዋን ይዛለች። ሕፃን ትከትባለች፣ ነፍሰ ጡር ትከታተላለች፣ ቤት ለቤት ትዞራለች። እሱ የራሷ ሥራ ነውና እሰየው። ከዚያ ላይ ስብሰባ ጥሪ፣ ለመዋጮ ቀስቅሺ፣ እንግዳ ተቀበዪ አላችኋት። አምና የቆጠረችውን ቤት ሌላ መሥሪያ ቤት መጥቶ እንደገና ቁጠሪ አላት። እህልህን ጫንክባት፤ እንግዶችህ ጥልቀት አስለኳት። ባለፈው ሳምንት አንተ ዘንድ መጥታ አንድ ሰው ስጡኝ አለችህ። ምን ብለህ መለስካት?

አታቀርቅር፤ ልወቅስህ አይደለም። በጀት የለም ልትለኝ ነው። አውቃለሁ፣ ድኻ አገር ነን፤ ሁለተኛ ታንኳ ይወደድብናል። የሰጠመችውስ ረከሰችልን? ሰው እስክታገኝ ድረስ ደግሞ «እግረ መንገድሽን» ማለትን ለማቆም ምን በጀት ያስፈልግሃል? ፀሐይ በነፃ ነው፣ ልጄ። እኛ ነን ታንኳዋን ተገትራ ስናያት የምንናደደው።

ጎበዞቹ ለምን ቀድመው ይሄዳሉ አልከኝ። ጎበዞቹ ላይ ነዋ የሚጫነው። ሰነፉን ማን ያዘዋል? ቀዳዳ አትፈልግባቸው፤ ቀዳዳ የላቸውም።

በል ተነሥ፣ እኔም ጋደም ልበል። የሺመቤት አሁን ከላይኛው ጎጥ እየተመለሰች ነው፤ መንገድ ላይ ታገኛታለህ። ቦርሳዋን ተቀበላት። ነገ ከቤትሽ ዋዪ፣ ቦታሽን የሚሸፍን ሰው ከጤና ጣቢያው እልካለሁ በላት፤ ያልከውንም ላክ። ወረቀቱን ብትሰጣትም ባትሰጣትም የራስህ ጉዳይ ነው። አደራህን ግን፣ በርቺ እንዳትላት።