ለብቻው የወፈረ በሬ

አንድ ሰው ነበር፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እሱን ስታሙ ትውሉና የራሳችሁን ትረሳላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

አንድ በሬ ያለው ገበሬ ምን ያደርጋል? መቀናጆ ይገባል። አንድ በሬ ከእኔ፣ አንድ በሬ ከአንተ፤ አንድ ቀን የእኔ ማሳ ይታረሳል፣ አንድ ቀን የአንተ። ይህም ሰው ስንሻው ከሚባል አበልጁ ጋር ተቀናጀ። ስንሻው የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳለት ነው። የሰውየው በሬ ቡሬ ይባላል፣ የስንሻው ዳለቻ። የስንሻው በረት ፈርሶበት ስለነበር ሁለቱም በሬዎች ሰውየው ቤት ያድራሉ። ስንሻው የድርሻውን ጭድ እየተሸከመ ያመጣል፤ ከሰውየው ጭድ ጋር አንድ ላይ ይከመራል።

በበጋው አንዲት የግብርና ባለሙያ መጣችና ገበሬውን ሰብስባ አስተማረች። ዩሪያ በልኩ በውኃ ይበጠበጣል፣ ጭዱ ላይ ይረጫል፣ ጭዱ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ በላስቲክ ይታፈናል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረቁ ጭድ ይለሰልሳል፤ ከብቱም ሥጋ ያወጣበታል። ገበሬው ሳቀ። "ጭድ በማዳበሪያ? ከብታችንን ልትጨርሺው ነው" ብለው ተበተኑ። ስንሻው ያን ቀን ለቅሶ ሄዶ አልሰማም። ያ ሰው ግን ሰምቷል፤ ገብቶታልም።

ታዲያ ምን አደረገ? ከጓሮው ጉድጓድ ቆፈረ። ቡሬን ከጓሮ አሰረው፣ ዳለቻን ከደጅ። ለቡሬ ከጉድጓዱ፣ ለዳለቻ ከክምሩ። ልብ በሉ፤ ዳለቻን አላስራበውም። ድሮ የሚበላውን አበላው። የነፈገው ያወቀውን ነገር ብቻ ነው። እናንተ ኃጢአታችሁን ስትቆጥሩ ይህን ትቆጥሩታላችሁ? አትቆጥሩትም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ስንሻው አስተዋለ።

"አበልጄ፣ ቡሬ እኮ ሰንጋ ሆነ። ምን ብታበላው ነው?"

"ምን አበላዋለሁ ብለህ ነው? እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው።"

"የእኔው ደግሞ እንደየበጋው ጎድኑ ተቆጠረ።"

"ዳለቻ ድሮም ሥጋ አይዝም። የዘር ነገር ነው።"

እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ቢዋሽ በራሱ ስም አይዋሽም? ጉድጓዱን በላስቲክ ሸፈነ፤ ስስቱን በእግዚአብሔር ስም ሸፈነ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጣለ። ተራው የሰውየው ነበርና የእሱ ማሳ መታረስ ጀመረ። ቡሬ ይጎትታል፣ ዳለቻ ይጎተታል። ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን ተንጋደደ፤ የዳለቻ አንገት ተላጠ። ሰውየው ጅራፉን በየትኛው ላይ አነሳ? በደካማው ነዋ። ከሰዓት በኋላ ዳለቻ ትልሙ ላይ ተንበረከከ፣ ከዚያም ወደቀ። ውኃ ሰጡት። ጅራቱን ይዘው ሊያነሱት ሞከሩ። አልተነሳም። ስንሻው ተጠርቶ መጣ፤ ሳይሞት ልድረስለት ብሎ በገዛ እጁ አረደው። የሐዋርያት ጾም ነበርና በዚያ ሥጋ እንኳ የተጽናና ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሰውየው ሌላ ተቀናጅ ፍለጋ መንደሩን ዞረ። ሰው ሁሉ ተጣምዶ ጨርሷል። ያልተጣመደ በሬ የነበራቸው አባ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ቡሬን ዞረው ዞረው አዩትና፣

"ልጄ፣ ማማሩንስ አምሯል" አሉት። "የእኔን ከዚህ ጋር ባጣምደው ግን እንደ ዳለቻ ትልም ላይ ይቀርብኛል። አቻውን ፈልግለት።"

አቻ ከየት ይምጣ? በዚያ ቀበሌ ቡሬን የሚያህል በሬ የለም። ዳለቻ አቻው እንዳይሆን ያደረገው ማን ሆነና?

የእርሻው ጊዜ አለፈ። ስንሻው የተረፈውን ጭዱን ሊወስድ መጣ፤ ጓሮ ዞሮ ጉድጓዱን አየ። ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሰውየው ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለም፤ ሁሉንም ነገረው። ስንሻው እፍኝ ዘገነና አሸተተው።

"ጭዱ እኩሌታው የእኔ ነበር" አለ። እፍኙን ወደ ጉድጓዱ መለሰና፣ "ብትነግረኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?"

 እናንተ መልስ አላችሁ? እኔ የለኝም።

በዚያ ክረምት የሁለቱም ማሳ ጦሙን አደረ። ሌላው አጨዳ ሲገባ ስንሻው ሚስቱንና አራት ልጆቹን ትቶ ለቀን ሥራ ቆላ ወረደ። እዚያ ወባ ያዘው። አልተመለሰም። ሰውየው ለቅሶው ላይ ከሁሉም በላይ አለቀሰ፤ ለቀስተኛውም "አበልጅ ማለት እንዲህ ነው" ብሎ መሰከረለት። ኋላ በገዛ አፉ ባይናገር ኖሮ እኛም እንዲሁ እንዳመሰገንነው እንቀር ነበር።

ምእመናን፣ እናንተስ? ከመካከላችሁ የተሻለ ዘር አግኝቶ ጓሮው የሸሸገ የለም? የሱ ዶሮዎች ተከትበው የጎረቤቱ በፈንግል ሲያልቁ ቆሞ የሚያይ የለም? ላሟ ለምን እንዲህ እንደምትታለብ ሲጠየቅ "እግዜር ይመስገን" ብሎ የሚያልፍ የለም? ማመስገናችሁ መልካም ነው። የተጠየቃችሁት ግን ሌላ ነው።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይላሉ አባቶቻችን። እኔ የምፈራው እሱን አይደለም። እኔ የምፈራው ብቻውን የበላው ተርፎ፣ ያልተነገረው ሲሞት ነው። ያ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ በሬም ገዝቷል፤ ግን የስንሻው ልጆች በደጁ ሲያልፉ ወደ ውስጥ ይገባል።

አሁን ከዚህ ስትወጡ ወደየቤታችሁ አትሩጡ። እያንዳንዳችሁ አንድ የምታውቁት ነገር አለ፤ እሱን የሚፈልግ አንድ ሰውም አለ። ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ ስሙ አሁን በልባችሁ መጥቷል። ቤቱ ሂዱ፤ ቤት ያፈራውን ቅመሱና ንገሩት። ለቅሶው ላይ ቆማችሁ ደግ ሰው ነበር ከምትሉለት፣ ዛሬ እርሻው ላይ ቆማችሁ አሳዩት።