ጋሼ፣ የት ሄዱብኝ?

አንድ ሰው አለ። እሑድ እሑድ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። በሥራ ቀን ደግሞ በአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለፈተና የሚቀርቡ ተማሪዎችን በፒያኖ ያጅባል። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። «ስበክበት፣ ስሜን ብቻ ተወው» ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

በእሱ ቤተ ክርስቲያን እማማ ዘነበች የሚባሉ እናት አሉ። እማማ ዘነበች መንፈስ ሲነካቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው መዝሙር ይጀምራሉ። በየትኛው ድምፅ እንደሚጀምሩ እሳቸውም አያውቁትም። ሁለተኛውን ስንኝ ይዘላሉ፣ አዝማቹን ሦስቴ ይደግማሉ፣ ደስ ሲላቸው መሐል ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። አትሳቁ፣ እኛም ዘንድ እንዲህ ያሉ እናቶች አሉ፤ ይብዙልን!

ይህ ሰው ታዲያ ቁልፎቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ እማማ ዘነበች ያሉበት ይደርሳል። ሲዘሉ ይዘላል። ሲቆሙ ይጠብቃል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ አንድም ቀን «ተሳስተዋል» ብሏቸው አያውቅም።

ይህን ያዙልኝ። አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንሂድ።

ሲፈን የምትባል ልጅ ነበረች፣ ክላርኔት የምትነፋ፣ ከወለጋ የመጣች። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ። ፈተናው አንዴ ቢወድቁት መድገም አለ፤ ሁለተኛ የወደቀ ግን ትምህርት ቤቱን ለቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚያጅባት ይህ ሰው ነው። አብረው ተለማመዱ፣ ጥሩም ነበሩ።

በፈተናው ቀን ገቡ። ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ከሦስቱ አንዱ ሰውየውን በወጣትነቱ ያስተማሩት ሽማግሌ መምህር ናቸው። ያኔ በክፍል ፊት «አንተ የቤተ ክርስቲያን ልጅ! በጆሮህ እንጂ በዓይንህ አትጫወትም፤ ኖታ ማንበብ አትችልም» ብለውት ነበር። እሷ ቃል ሃያ ዓመት ሙሉ ውስጡ ተቀምጣለች። እሳቸውን ሲያይ ልቡ ተለወጠ። ዛሬ ኖታ ማንበብ እችላለሁ፣ ዛሬ ያዩኛል አለ።

ጀመሩ። የምትጫወተው ሙዚቃ ውስጥ አጀማመራቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ቦታዎች አሉ። ሲፈን ፈርታለች፤ የመጀመሪያው ላይ ስትደርስ ሳታውቀው ወደ ሁለተኛው ዘለለች። በመሐል ያለውን አሥራ ስድስት የኖታ ቤት ዘለለች።

ሰውየው ወዲያው አወቀ። ጣቶቹ ሊከተሏት ተነሡ፤ የእሑድ ጣቶች ናቸዋ! እሱ ግን ከለከላቸው። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ እንደተጻፈው፣ አንዲት ኖታ ሳያጓድል ቀጠለ። ፒያኖው ወዲያ፣ ክላርኔቱ ወዲህ። ልጅቱ ትንሽ ታገለች። ከዚያ ትንፋሿ ተቆረጠና ቆመች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈታኞቹ የሚሞሉት ቅጽ ላይ ለአጃቢ ነጥብ መስጫ ቦታ የለም። ስሙ እንኳ አይጻፍበትም። ይህ ሰው ማንም ስሙን በማይጽፍበት ክፍል ስለ ስሙ ፈራ።

ሲወጣ ሽማግሌው መምህር ጠጋ ብለው «ንባብህ ተሻሽሏል» አሉት። የፈለገውን አገኘ። ኮሪደሩ ላይ ግን ሲፈን ቆማለች፤ ክላርኔቷን ፈታታ በጨርቅ ትጠርጋለች።

«ጋሼ፣ የት ሄዱብኝ?» አለችው።

«እኔማ የትም አልሄድኩም። የዘለልሽው አንቺ ነሽ» አላት።

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን በጆሮዬ ስፈልግዎት ነበር።»

እውነቱን ነው፣ የትም አልሄደም። ወረቀቱ ላይ ነበር። ትክክል ነበር። ልጅቱም ብቻዋን ወደቀች።

እሑድ ሆነ። እማማ ዘነበች እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ፣ ጀመሩ፣ ዘለሉ። እሱም እንደ ልማዱ ተከተላቸው። ጉባኤው ሲበተን መጥተው እጁን ያዙና «ልጄ፣ እኔ እኮ የምደፍረው አንተ ስላለህ ነው። ብጠፋም ታገኘኛለህ ብዬ ነው» አሉት። እሳቸው ሊመርቁት ነበር፤ እሱ ግን ኪቦርዱን እንኳ ሳይሸፍን ወጥቶ ከግንቡ ኋላ አለቀሰ።

ሰኞ ሲፈንን ፈልጎ አገኛት። «ይቅር በዪኝ። ሰምቼሽ ነበር። እያወቅሁ ነው የተውኩሽ» አላት። ቀላል ይቅርታ አይደለም እኮ፣ ወገኖቼ! ከዚያ «ሌላ አጃቢ ለምኜ ነበር፤ ጊዜ የለኝም አሉኝ» አለችው። «እስቲ እንሞክረው።»

ለድጋሚው ፈተና ስምንት ቀን ነበራቸው። በስምንቱ ቀን የፒያኖውን ክፍል በሙሉ በቃሉ ያዘ። ለምን? ዓይኑ ወረቀት ላይ እንዳይሆን፣ እሷ ላይ እንዲሆን።

ያው ክፍል፣ ያው ሦስት ፈታኞች። ያቺን የምትፈራትን ቦታ በደንብ አለፈቻት። እፎይ አለች፤ እፎይታም ያዘናጋል። ሁለተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች፣ ያንኑ ደግማ መጫወት ጀመረች። ሽማግሌው መምህር በጣታቸው ወረቀቱን እየተከተሉ ነበር። ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ ሰውየውን አዩት።

እሱ አላያቸውም። እሷን ነበር የሚያየው። ትከሻዋ ሲነሣ፣ ትንፋሽ ስትወስድ፣ እሱም አብሯት ተነፈሰና ተመለሰ። የተመለሰችበት ድረስ ሄዶ ያዛት። አብረው መጡ፣ አብረው ጨረሱ።

አለፈች። በብዙ አይደለም፣ ነጥብ ተቀንሶባታል። አለፈች ግን።

መምህሩ ሲወጡ «ዛሬ ንባብህ ተበላሽቷል» አሉት። «አዎ መምህር፣ ተበላሽቷል» አለ። ሲፈን ደግሞ «ተሳስቼ ነበር፣ አይደል ጋሼ?» ብላ ጠየቀችው። «ተሳስተሻል። ነገ ያቺን ቦታ አብረን እናያታለን» አላት።

ልብ በሉ፤ አልተሳሳትሽም አላላትም። ሳትወድቅ ከስህተቷ ካወጣት በኋላ ግን ነው የነገራት።

ጌታስ ለእናንተ ምን አደረገላችሁ? መስመር ስንስት፣ እሱ ከፍ ባለው ቦታ ትክክል ሆኖ መቀመጥ አይችልም ነበር? ይችል ነበር። ማን ይከሰው ነበር? እሱ ግን ስህተታችንን ስህተት አይደለም ሳይል፣ ያለንበት ድረስ መጣ።

እኛስ? «እኔ የትም አልሄድኩም፣ የሄደው እሱ ነው» ስትሉ ስንቴ ሰማኋችሁ! ይህችን ቃል ባል በሚስቱ ላይ ይላታል፣ እናት በልጇ ላይ ትላታለች። ትክክል ናችሁ። እሺ፣ ትክክል ናችሁ! አጠገባችሁ ያለው ሰው ግን በጆሮው እየፈለጋችሁ ነው።

አምና ከመካከላችን አንድ ወንድም መስመር ዘለለ። ስሙን አልጠራም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምን አደረግን? መተዳደሪያ ደንባችንን አወጣን። አንቀጹን አገኘን። የእገዳ ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው አንድ ፊደል አልተሳሳተም፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከማኅተሙ በላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በሩን ያንኳኳ ማን ነው? እጃችሁን አታውጡ። እኔም አላንኳኳሁም።

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሦስት ሳምንት ለስብከት ሳሳምረው ቆየሁ፤ ወደ እሱ ቤት ግን አልሄድኩም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ ዛሬ ቡራኬውን ሽማግሌዎች ይሰጧችኋል፤ በር ላይ ቆሜ አልሰናበታችሁም። ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ በእግር ይደረሳል። ከፍቶልኝ «መጋቢ፣ የት ሄዱብኝ?» ቢለኝ የምመልሰው የለኝም። ቢሆንም እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ፣ ውጭ በሩ አጠገብ ይጠብቀኝ።